ከቮልካኖ ደለል እስከ ቫሌንሲያ፦ ሁለት ፕሮቲኖች ተያይዘው የተነሡት ፎቶ

ነገሩ የሚጀምረው ከባሕር ነው። ከሲሲሊ በስተሰሜን ቮልካኖ የምትባል ትንሽ የጣሊያን ደሴት አለች። ስሟ እንደሚያሳብቅባት ከሥሯ እሳተ ገሞራ አለ። በዳርቻዋ ያለው የባሕር ደለል ይግላል። በ1986 ካርል ሽቴተርና ባልደረቦቹ ከዚያ የጋለ ደለል አንድ ባክቴሪያ አውጥተው ለዓለም አስተዋወቁ። ቴርሞቶጋ ማሪቲማ አሉት። ቶጋ የጥንት ሮማውያን ይከናነቡት የነበረ ልብስ ነው። ባክቴሪያው በሁለቱም ጫፉ ሰፋ ያለ ሽፋን ስላለው ነው ስሙን ያገኘው። እኛ ብናገኘው ኖሮ "ባለጋቢው" እንለው ነበር።

ባለጋቢው የሚመቸው 80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እስከ 90 ድረስም ይችላል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ጀበናው ሊንተከተክ ትንሽ ሲቀረው ያለው ውሃ ለዚህ ፍጥረት የኑሮ ቦታ ነው።

ይህ ጽሑፍ ግን ስለ ባክቴሪያው አይደለም። ውስጡ ስለሚገኙ ሁለት ፕሮቲኖች ነው። ስማቸው ውበት የለውም፤ ኤችኬ853 እና አርአር468 ይባላሉ። በ2009 ስፔን ውስጥ ሁለቱ ተያይዘው እንዳሉ በክሪስታል ተይዘው ቅርፃቸው ታየ። ያ ቅርፅ ለዓመታት ሲያከራክር የነበረ ነገር ላይ ብርሃን ፈነጠቀ። ማንም ያልጠበቀውን አንድ ነገርም ይዞ መጣ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ታፔላው የት ነው?

ባክቴሪያ ዓይን የለውም፣ ጆሮ የለውም። ግን ውጭ ያለውን ያውቃል። ጨው ሲበዛበት፣ ምግብ ሲያልቅበት፣ መድኃኒት ሲመጣበት ይሰማዋል። ብዙውን ጊዜ ይህን የሚሠሩለት ጥንድ ጥንድ ሆነው የተመደቡ ፕሮቲኖች ናቸው።

አንደኛው የሴሉ ሽፋን ላይ ተሰክቶ ይቀመጣል። ራሱ ወደ ውጭ፣ እግሩ ወደ ውስጥ። ሂስቲዲን ካይኔዝ ይባላል። ውጭ ለውጥ ሲኖር የሴሉን ኃይል ከሚሸከመው ሞለኪውል፣ ከኤቲፒ፣ አንድ ፎስፌት ይወስድና ሂስቲዲን በሚባል የራሱ አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን መገንቢያ ቁራጭ) ላይ ይለጥፈዋል። ሁለተኛው ፕሮቲን ሴሉ ውስጥ ይንሳፈፋል። መጥቶ ያንን ፎስፌት ይወስዳል፤ አስፓርቴት በሚባል የራሱ አሚኖ አሲድ ላይ። ፎስፌቱን ሲሸከም ቅርፁ ይለወጣል። ከዚያ ጂን ያበራል፣ ያጠፋል፣ ወይም ሌላ ፕሮቲን ይነካካል። ምላሽ ሰጪ ይሉታል። እኔ ለማሳጠር የመጀመሪያውን ላኪ፣ ሁለተኛውን ተቀባይ እላቸዋለሁ።

እስከዚህ ቀላል ነው። ችግሩ ብዛታቸው ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለው የአንጀት ባክቴሪያ ብቻውን ወደ 30 የሚጠጉ ላኪዎችና የዚያኑ ያህል ተቀባዮች አሉት። ላኪዎቹ እርስ በርስ ዘመዳሞች ናቸው። ተቀባዮቹም እንዲሁ። ቅርፃቸው እጅግ ይመሳሰላል። ታዲያ በዚያች ጠባብ ሴል ውስጥ እየተጋፉ እንዴት አይደበላለቁም? የጨው መልእክት ለምን ለምግቡ ተቀባይ አይደርስም?

መገናኛ ታክሲ ተራ ቆማችሁ ታውቁ ይሆናል። ሰማያዊና ነጭ ሚኒባሶቹ ሁሉ አንድ ይመስላሉ። የሚለያያቸው ታፔላው ነው። የተመራማሪዎቹም ጥያቄ በአጭሩ ይህ ነበር፤ የፕሮቲኖቹ ታፔላ የት ነው የተለጠፈው?

ታፔላ መኖሩ አያጠራጥርም ነበር። በ2005 ማይክል ላውብና ባልደረቦቹ ካውሎባክተር ከሚባል ባክቴሪያ አንድ ላኪ እየወሰዱ ከተቀባዮቹ ሁሉ ጋር በየተራ አገናኙት። ብዙ ጊዜ ሲሰጡት ላኪው ለማይመለከታቸውም ፎስፌት ማደል ጀመረ። ጊዜውን ሲያሳጥሩት ግን የሰጠው ለራሱ ተቀባይ ብቻ ነበር። ስለዚህ ላኪው የራሱን ያውቃል። በምን እንደሚያውቀው ለማየት ግን ሁለቱን ተያይዘው ማግኘት ያስፈልግ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ጨዋታው የሚከብደው። ሁለቱ የሚነካኩት ለቅጽበት ነው። ሰጥቶ መለያየት ነው ሥራቸው። ክሪስታል ደግሞ ተቃራኒውን ይፈልጋል። ቁጥር ስፍር የሌላቸው ጥንዶች ሁሉም በአንድ ዓይነት አኳኋን ተሰልፈው ቀጥ እንዲሉ ይፈልጋል። የሚሮጡ ልጆችን ለፎቶ ቁሙ እንደማለት ነው።

ከዚህ በፊት ሳይሞከር ቀርቶ አይደለም። በ2000 አሜሪካ፣ ላ ሆያ ያለው የስክሪፕስ ተቋም ሰዎች ባሲለስ ሰብቲሊስ ከሚባለው ባክቴሪያ ስፖ0ኤፍና ስፖ0ቢ የሚባሉ ሁለት ፕሮቲኖችን ተያይዘው በክሪስታል ያዟቸው። ትልቅ ሥራ ነበር። ግን አንድ ጎዶሎ ነበረው። ስፖ0ቢ ፎስፌት ያቀብላል እንጂ እውነተኛ ካይኔዝ አይደለም። ከኤቲፒ ፎስፌት የሚያነሣው እጅ አይሠራለትም። እውነተኛ ላኪ ከእውነተኛ ተቀባዩ ጋር ገና አልታየም።

ለምን ባለጋቢው ተመረጠ

ሙቀት የለመደ ፍጥረት ፕሮቲኖቹ ጠንካራ ናቸው። እንዲያ ባይሆኑ ኖሮ 80 ዲግሪ ላይ እንደ እንቁላል ይረጉ ነበር። በተራ የክፍል ሙቀት ሲቀመጡ ደግሞ አይወላወሉም። ክሪስታል ለሚፈልግ ሰው ይህ ስጦታ ነው። ሌላም ጥቅም አለው። የባለጋቢውን ጂን ኢ. ኮላይ ውስጥ ከትተህ ፕሮቲኑን ካሠራህ በኋላ ጭማቂውን ማሞቅ ትችላለህ። የኢ. ኮላይ ፕሮቲኖች ይረጉና ይዘቅጣሉ፤ የባለጋቢው ይተርፋል። የቤተ ሙከራ ሰዎች ይህን ዘዴ ይወዱታል። ማን የማይወደው አለ?

በ1999 የባክቴሪያው ሙሉ ጂኖም ተነበበ። 1.86 ሚሊዮን ገደማ ፊደል ነው። ጂኖቹም ቁጥር ተሰጣቸው። የላኪያችን ጂን ቲኤም0853 ሆነ፣ የተቀባያችን ደግሞ ቲኤም0468። ቁጥሮቹን አስተውሉ። ቁጥር የሚሰጠው በጂኖሙ ላይ በአቀማመጥ ቅደም ተከተል ነው። ብዙውን ጊዜ ላኪና ተቀባይ ጎረቤታሞች ናቸው፤ ጂኖቻቸው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። እነዚህ ሁለቱ ግን ተራርቀው ነው ያሉት። ተራርቀውም ይተዋወቃሉ።

የላኪው ቅርፅ ቀድሞ የታወቀው በ2005 ነው። አልቤርቶ ማሪና፣ ካሪ ዋልድበርገርና ዌይን ሄንድሪክሰን የኤችኬ853ን የውስጥ ክፍል በሙሉ በ1.9 አንግስትሮም ጥራት አወጡት። አንግስትሮም የሚሊሜትር አሥር ሚሊዮንኛ ነው። በዚያ ጊዜ የአንድ ላኪ የውስጥ አካል እንዲህ ተሟልቶ አልታየም ነበር።

ሄንድሪክሰንን ያነሣሁት ያለምክንያት አይደለም። የኒውዮርኩ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነው፤ የክሪስታሎግራፊን አንድ የቆየ ራስ ምታት ካቃለሉት ዋነኞቹ አንዱ። ራስ ምታቱ ይህ ነው። ክሪስታል ላይ ኤክስሬይ ስትለቅ ጨረሩ ተበትኖ በብዙ ሺህ ነጥብ ይወድቃል። የነጥቦቹን ድምቀት መለካት ይቻላል። እያንዳንዱ ማዕበል ከሌላው ቀድሞ ነው ወይስ ዘግይቶ የደረሰው የሚለው ግን ይጠፋል። እያንዳንዱ የከበሮ ምት ምን ያህል እንደጮኸ ጽፈህ መቼ እንደተመታ ሳትጽፍ ብትቀር ዜማውን መልሰህ አታገኘውም። እንደዚያ ነው። ከሄንድሪክሰን መላዎች አንዱ በፕሮቲኑ ውስጥ ያለውን ሰልፈር በሴሌኒየም ተክቶ በተለያየ የሞገድ ርዝመት መተኮስ ነበር። የጠፋው ሰዓት ከልዩነቱ ይሰላል።

አንድ ጊዜ ቅርፁ ከታወቀ ደግሞ ለቀጣዩ ሥራ መነሻ ይሆናል። አዲሱ ክሪስታል ውስጥ ያው ፕሮቲን ስላለ የቀድሞውን ቅርፅ እያዟዟርክ ታስገጥመዋለህ። ለ2009ኙ ሥራ የ2005ቱ ጠቀሜታ እዚህ ላይ ነው።

ቫሌንሲያ

ማሪና በኋላ ሥራውን የቀጠለው በአገሩ በስፔን፣ በቫሌንሲያው የባዮሜዲሲን ተቋም ነው። ከፓትሪሺያ ካሲኖና ከቪሴንቴ ሩቢዮ ጋር ሆኖ ላኪውንና ተቀባዩን አንድ ላይ ክሪስታል ለማድረግ ተነሡ።

ክሪስታል ማብቀል የወጥ ቤት ሥራ ይመስላል። ፕሮቲኑን ታጠራለህ፣ በጣም ታወፍራለህ። ከጨው ወይም ከሌላ ማዝቀጫ ጋር አንድ ጠብታ ትሠራለህ። ጠብታዋ ቀስ እያለች ውሃዋን ትለቃለች። ፕሮቲኖቹ ቦታ ሲጠባቸው ወይ በሥርዓት ይሰለፋሉ፣ ወይ እንደተበላሸ ወተት ይቋጠራሉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነው ሁለተኛው ነው። ስለዚህ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቅልቅሎች ይሞከራሉ።

ሌላው ጣጣ ፎስፌቱ ነው። አስፓርቴት ላይ የተቀመጠ ፎስፌት ዕድሜው አጭር ነው፤ ክሪስታል እስኪያድግ አይጠብቅም። ስለዚህ ተመራማሪዎች አስመሳይ ይጠቀማሉ። ቤሪሊየምና ፍሎራይድ ሲቀላቀሉ ቅርፁ ከፎስፌት ጋር የሚመሳሰል ነገር ይፈጥራሉ። ፕሮቲኑ ይታለላል፤ ፎስፌት የተሸከመ መስሎት ቅርፁን ይለውጣል። የቫሌንሲያው ቡድን ተቀባዩን ብቻውን ባዶውንም፣ በዚህ አስመሳይ "ተጭኖም" አየው። ከጥንዱ ጋር ሲያነጻጽሩት የቱ እንቅስቃሴ ከፎስፌቱ፣ የቱ ከመያያዙ እንደመጣ መለየት አስቻላቸው። ለእኔ ከጥንዱ ፎቶ ባልተናነሰ የወደድኩት ይህንን ነው። አንድ ፎቶ ብቻውን ብዙ አያወራም።

ውጤቱ በ2009 ሴል በተባለው መጽሔት ወጣ። ጥራቱ 2.8 አንግስትሮም ነው። ከ1.9ኙ ይደበዝዛል። የፕሮቲኑ ሰንሰለት በየት በየት እንደሚሄድ፣ የትኛው አሚኖ አሲድ ከየትኛው ጋር እንደተጠጋጋ ያሳያል። እያንዳንዷን የውሃ ሞለኪውል አያሳይም። ለተያዘው ጥያቄ ግን በቂ ነበር።

ፎቶው ላይ የታየው

ላኪዎች ብቻቸውን አይቆሙም፤ ሁለት ሁለት ሆነው ነው። ከሁለቱ አካል የወጡ አራት ረጃጅም ጥምዝ ዘንጎች አንድ ላይ ታስረው ግንድ ይሠራሉ። ፎስፌቱን የሚሸከመው ሂስቲዲን፣ ቁጥር 260፣ ግንዱ ላይ ወደ ውጭ ይመለከታል። ከግንዱ ጋር በአጭር ማያያዣ የተገናኘ ሌላ ክፍል አለ። ኤቲፒ የሚይዘው እሱ ነው። ተቀባዩ በበኩሉ ክብ ብጤ ነው። መሐሉ ላይ አምስት የተደረደሩ ጥብጣቦች፣ ዙሪያውን አምስት ጥምዞች። ፎስፌት የሚቀበለው አስፓርቴት ቁጥር 53 ነው።

በክሪስታሉ ውስጥ ሁለት ላኪዎችና ሁለት ተቀባዮች ተገኙ። በግንዱ ግራና ቀኝ አንዳንድ ተቀባይ ተለጥፏል። የተቀባዩ የመጀመሪያ ጥምዝ ከግንዱ ዘንጎች ጋር ተጋድሟል። ጥብጣብን ከጥምዝ ከሚያገናኙት ቀለበቶች አንዱ ደግሞ ወደ ላይ ወጥቶ ግንዱን ከኤቲፒው ክፍል ጋር የሚያገናኘውን ቦታ ይነካል። በዚህ አኳኋን 53 ቁጥር ከ260 ቁጥር ጋር ፊት ለፊት ይተያያል።

ታፔላው ታዲያ? እዚያው መነካኪያው ላይ ነው። ከሂስቲዲኑ ዝቅ ብሎ ባሉት የግንዱ ጎኖችና በተቀባዩ የመጀመሪያ ጥምዝ ላይ ያሉ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ናቸው። እነዚህ ከላኪ ላኪ ይለያያሉ። ፎስፌቱ የሚተላለፍበት ስፍራ ራሱ ግን በሁሉም ዘመዶች አንድ ዓይነት ነው። ኬሚስትሪው የጋራ፣ አድራሻው የግል።

ያልተጠበቀው ነገር

አሁን ወደ ገረመኝ ክፍል ልምጣ። ሁለት ላኪዎች ተጣምረው ይቆማሉ ብያለሁ። ኤቲፒ የያዘው ክፍል ፎስፌቱን የሚለጥፈው በራሱ ሂስቲዲን ላይ ነው ወይስ በባልንጀራው? ለረጅም ጊዜ የተለመደው መልስ "በባልንጀራው" የሚል ነበር። አንዱ ለሌላው ጋቢ እንደሚያለብስ ማለት ነው። መነሻው በኢ. ኮላይ ፕሮቲን፣ በኤንቭዜድ ላይ በ1991 የተሠራ ሙከራ ነው። ብልህ ሙከራ ነበር። ሁለት የተጎዱ ላኪዎች ተወሰዱ። አንደኛው ሂስቲዲኑ የለም። ሌላኛው ኤቲፒ አይዝም። ለየብቻቸው ምንም አይሠሩም። ሲቀላቀሉ ግን ሥራው ተሠራ። ኤቲፒ የሚይዘው፣ ሂስቲዲን ላለው ሠራለት። ከዚያ በኋላ ይህ እንደ ሕግ ተቆጠረ።

የቫሌንሲያው ፎቶ ሌላ ነገር አሳየ። በኤችኬ853 የግንዱ ዘንጎች የሚታጠፉበት አቅጣጫ እያንዳንዱን የኤቲፒ ክፍል ወደ ራሱ ሂስቲዲን ያስጠጋዋል። ቡድኑ በሙከራም አረጋገጠው። ይህ ላኪ ለራሱ ነው የሚለጥፈው።

ሁለቱም እውነት ሊሆኑ ይችላሉ? ይችላሉ። በ2013 አሸንበርግ፣ ኪቲንግና ላውብ ምክንያቱን አገኙ። ሁለቱ ዘንጎች ከታች በአንዲት ቀለበት ይገናኛሉ። ቀለበቷ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ስትዞር ዘንጎቹ ይቀያየራሉ፤ የትኛው ኤቲፒ ለየትኛው ሂስቲዲን ቅርብ እንደሚሆንም ይለወጣል። ቀለበቷን ከአንዱ ላኪ ወስደው ሌላው ላይ ሲተክሉ ባሕርዩ ተገለበጠ። እንዲህ ያለች ትንሽ ነገር! ደስ የሚለኝ፣ የ1991ዱ ሰዎች አለመሳሳታቸው ነው። የተሳሳተው አንድ ምሳሌን ለሁሉም ያደረገው ነው።

ፎቶውን ሳያዩ የገመቱት

አንድ ፎቶ እውነት መሆኑን እንዴት ታውቃለህ? ክሪስታል ፕሮቲኖችን በግድ ሊያጠጋጋ ይችላል። በዚህ ጉዳይ ምስክሮቹ ከሌላ አቅጣጫ መጡ።

ላኪና ተቀባይ አብዛኛውን ጊዜ በጂኖም ላይ ጎረቤታሞች ናቸው ብዬ ነበር። ይህ ለሒሳብ ሰዎች ወርቅ ነው። ብዙ ጂኖሞች ሲነበቡ፣ ማን ከማን ጋር እንደተጣመረ አስቀድሞ የሚታወቅላቸው እጅግ ብዙ ጥንዶች ተሰበሰቡ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ሁለት አሚኖ አሲዶች የሚነካኩ ከሆነ አንዱ ሲለወጥ ሌላውም ለመስማማት ይለወጣል። በዝርዝሩ ላይ አብረው የሚለዋወጡትን ፈልግ። ጣጣው፣ አብሮ መለወጥ በአማላጅም ይመጣል። ሀ ከለ፣ ለ ከሐ ጋር ከተነካካ፣ ሀ እና ሐ ሳይነካኩም አብረው የሚለወጡ ይመስላሉ። በ2009 ማርቲን ቫይክት፣ ቴሬንስ ሁዋና ባልደረቦቻቸው ቀጥታውን ከአማላጁ የሚለይ ስሌት አወጡ። የሞከሩት በእነዚሁ ላኪና ተቀባዮች ላይ ነበር። በዚያው ዓመት በዚህ ስሌት ተመርተው በኮምፒውተር የባለጋቢውን ጥንድ ገጣጠሙ። ከክሪስታሉ ጋር ሲተያይ እጅግ ተቀራራቢ ሆነ።

ይህ ሐሳብ በዚያ አልቆመም። አብረው ከሚለዋወጡ ፊደሎች ቅርፅን መገመት የፕሮቲንን ቅርፅ በኮምፒውተር የሚተነብየውን አልፋፎልድን ከመሳሰሉት ሥራዎች ሥር ካሉት ሐሳቦች አንዱ ነው። በ2024 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለፕሮቲን ሲሰጥ ብዙ ሰው የሰማው ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብቻ ነው። ከኋላው የባክቴሪያ ላኪና ተቀባዮችም ነበሩ።

ሁለተኛው ምስክር እጅን አስገብቶ መሞከር ነው። ታፔላው በእርግጥ እነዚያ ጥቂት አሚኖ አሲዶች ከሆኑ ብትቀይራቸው ታክሲው መንገዱን መቀየር አለበት። በ2008 የላውብ ቡድን ኤንቭዜድ ላይ ሦስት አሚኖ አሲዶች ብቻ ሲቀየሩ ፎስፌቱን ለሌላ ተቀባይ መስጠት እንደሚጀምር አሳይቶ ነበር። በ2013 ደግሞ የላውብና የማሪና ቡድኖች ተባበሩ። በኤችኬ853 ላይ የኢ. ኮላዩን ላኪ የፎአርን ታፔላ፣ በአርአር468 ላይ የፎአርን ተቀባይ የፎቢን ታፔላ ለጠፉ። አዲሶቹ ጥንዶች እርስ በርስ በደንብ ተግባቡ። ከድሮ ባልንጀሮቻቸው ጋር ግን መተዋወቃቸው ቀረ። ከዚያም የተቀየረውን ጥንድ በክሪስታል ይዘው እያንዳንዷ ለውጥ ምን እንዳመጣች ተመለከቱ። ንድፍ አውጥቶ፣ ሠርቶ፣ መልሶ በዓይን ማየት ይሏል ይህ ነው።

የታፔላው ጽሑፍ አንድ ብቻ ነው ወይ? አይደለም። በ2015 ከላውብ ቤተ ሙከራ የወጣ ሥራ በኢ. ኮላይ ፎኪው የሚባለው ላኪ ላይ አራት ቦታዎችን መርጦ ሊሆኑ የሚችሉትን ጽሑፎች በሙሉ ሞከረ። ሃያ አሚኖ አሲድ በአራት ቦታ፣ 160,000 ይሆናል። ከዚህ ሁሉ 1,659 የሚሆኑት ሠሩ። ብዙዎቹ በተፈጥሮ ታይተው አይታወቁም።

ፎቶው የማይናገረው

ክሪስታል የቆመ ነገር ነው። የምናየው ፎስፌቱ ሲተላለፍ አይደለም፤ ሁለቱ ተያይዘው ሲቀመጡ ነው። ይህ ደግሞ አንድ ጣጣ ያመጣል። ብዙ ላኪዎች ሁለት ጠባይ አላቸው። ሲፈልጉ ፎስፌት ይሰጣሉ፤ ሲፈልጉ ደግሞ ከተቀባዩ ላይ ያነሡታል፣ መልእክቱን ያጠፉታል። ሁለቱንም ሲያደርጉ ከተቀባዩ ጋር ይያያዛሉ። ታዲያ የ2009ኙ ፎቶ የተነሣው ላኪው ፎስፌቱን ሲሰጥ ነው ወይስ ሲያነሣ?

ክርክሩ ቀላል አልነበረም። በ2016 በሞንቴቪዴዮ የፓስተር ኢንስቲትዩት የአሌሃንድሮ ቡስኪያሶ ቡድን ሌላ ጥንድ አቀረበ። ዴስኬና ዴስአር ይባላሉ፤ ባሲለስ ሰብቲሊስ ብርድ ሲነካው የሚጠቀምባቸው ናቸው። ይህ ቡድን በአንድ ፎቶ አልረካም። ላኪው በተለያየ ሁኔታ ሳለ ጥንዱን ደጋግሞ ያዘና አሰላለፉ እንደሚለያይ አሳየ። በ2017 ደግሞ ወደ እኛው ኤችኬ853 የተመለሰ ጥናት ወጣ። በዙሪያው ያለው የአሲድነት መጠን ሲለወጥ የቁልፉ ሂስቲዲን አቋም እንደሚለወጥ፣ ፎስፌት የማንሣት ሥራውም በዚያ እንደሚመራ አመለከተ። እንግዲህ ክሪስታሉ ያደገበት ጠብታ አሲድነቱ ራሱ የፎቶውን ትርጉም ሊያዛባ ይችላል ማለት ነው። ይህን ሳነብ ለራሴ ሳቅሁ። ካሜራው ፈገግ በሉ ያለ ይመስላል።

ለሐኪም ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው ተገቢ ነው። የሰው ልጅ እንዲህ ያሉ የላኪና ተቀባይ ጥንዶች የሉትም። ብዙ በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎች ግን በእነሱ ይኖራሉ። ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ ዋልኬና ዋልአር የሚባሉት ጥንዶች ከሌሉት አይኖርም። ቫንኮማይሲን የሚባለውን ጠንካራ አንቲባዮቲክ የሚቋቋሙ ኢንቴሮኮከሶች መድኃኒቱ መድረሱን የሚያውቁት በቫንኤስ ነው። ስለዚህ ላኪውን መዝጋት መልካም ሐሳብ ይመስላል።

እንቅፋቱ የኤቲፒው ኪስ ነው። ቅርፁ በእኛ ሴል ውስጥ ካለው ኤችኤስፒ90 ከሚባል ፕሮቲን ኪስ ጋር ይቀራረባል። ኤችኤስፒ90ን የሚይዘው ራዲሲኮል ፎኪውንም እንደሚይዝ ታይቷል። የባክቴሪያውን እገድላለሁ ብለህ የበሽተኛውንም ልትመታ ነው። መነካኪያውን፣ ማለትም ታፔላውን መዝጋት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰፊና ጠፍጣፋ ነው፤ ትንሽ ሞለኪውል የሚሸጎጥበት ጥልቅ ጉድጓድ የለውም።

ከዚህ ቤተሰብ እስካሁን ወደ ሰው ክንድ ቀርቦ ያየሁት ክትባት ነው። ኤምቲቢቫክ ይባላል፤ የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ነው። የተጀመረው እዚያው ስፔን፣ ዛራጎዛ ዩኒቨርሲቲ ነው። ከቫሌንሲያው ክሪስታል ጋር አይገናኝም፤ ሐሳቡ ግን ያው ነው። የነቀርሳው ባክቴሪያ ፎፒ የሚባለው ተቀባይ ተቆርጦለታል፤ ፋድዲ26 የሚባል ሌላ ጂንም አብሮ። ባክቴሪያው ይኖራል፤ ማጥቃት ግን ያቅተዋል። በደቡብ አፍሪካ፣ በማዳጋስካርና በሴኔጋል በጨቅላዎች ላይ ወደ ሦስተኛው የሙከራ ምዕራፍ ገብቷል። ሳንባ ነቀርሳ እኛም ቤት ስላለ እኔ ይህን ዜና በጉጉት ነው የምከታተለው።

ፎቶውን ራሳችሁ ማየት ከፈለጋችሁ ነጻ ነው። የዓለም የፕሮቲን ቅርፅ ማከማቻ ውስጥ በ3 ቁጥርና በዲ፣ ጂ፣ ኢ ፊደሎች ተመዝግቧል። ስልክም ይከፍተዋል። መጀመሪያ ስታዩት የተጠላለፈ የክር ጥቅል ነው የሚመስለው። አትደንግጡ። መሐል ላይ የቆሙትን አራት ዘንጎች ፈልጉ። አንዱ ላይ 260 ቁጥርን አድምቁ፤ ከዚያ ጎኑ ላይ በተለጠፈው ክብ ፕሮቲን ላይ 53ን። ሁለቱ ፊት ለፊት ናቸው።